ነጠላዋን ዘቅዝቃ የቆመችው

ኢጣሊያ፣ ሰኔ 4 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለአክስቴ ለእትዬ አጸደ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጋሼ ሾዴስ እንዴት ናቸው፣ ያ ወገባቸው ተሻላቸው? የቁስቋሟ እመቤት ከነቤታችሁ ትጠብቃችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። አሠሪዬ ሲኞራም ጉልበታቸው ካልሆነ በቀር ደህና ናቸው፤ «ለዚያች ፈትል ለምታሳምረው ሴት ሰላም በይልኝ» ብለዋል።

የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ ነጠላው ነው። የሲኞራ ጋራዥ ተወርሶ በ67 ከጉለሌ ስንነሣ መሰናበቻ ብላችሁ የሰጣችኋቸውን ያስታውሳሉ? እርስዎ የፈተሉት፣ ጋሼ ሾዴ የሸመኑት፣ ልጅዎ አድነው ደግሞ የጥለቱን ቀለም የመረጠው። በሁለት ሰማያዊ መሐል ብርቱካንማ ካልገባ ብሎ ድርቅ ሲል፣ ጋሼ ሾዴ «ይህን ማን ይለብሰዋል?» እያሉ የሳቁበት። ሲኞራ ያንን ነጠላ ለከተማው ሙዚየም ሰጡት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ስጦታ መልሶ ይሰጣል እንዴ ብዬ። ኋላ ግን «ሣጥን ውስጥ ብል ከሚበላው ሺ ሰው ቢያየው አይሻልም?» ሲሉኝ ቁጣዬን ተውኩ።

ትናንት እሑድ ልናየው ሄድን። ሙዚየሙ ያለው ካስቴሎ በሚሉት አሮጌ ምሽግ ውስጥ ነው። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት አንድ መስፍን የገዛ ሕዝቡን ፈርቶ የሠራው ነው አሉ። አራት ቀይ ግንቦች አሉት፤ ዙሪያውን ውሃ የሞላበት ጥልቅ ቦይ ከቦታል። መግቢያው በሰንሰለት የሚነሣ ድልድይ ነበር፤ አሁን ሰንሰለቱ ዝጎ አይነሣም። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ክንድ የሚያካክሉ ዓሦች ይዋኙበታል፣ ሽታው ደግሞ የቀጨኔን ወንዝ ለለመደ አፍንጫ የሚቻል ነው። ውስጡ ጎራዴ፣ የብረት ልብስ፣ እንደገና ጎራዴ። ሲኞራ በየወንበሩ እያረፉ፣ እኔ እየሮጥኩ፣ የዓለም አልባሳት የሚታዩበት አዳራሽ ደረስን።

ብርቱካንማውን ከሩቅ አየሁትና ልቤ ዘለለ። ቀረብ ስል ግን ደሜ ፈላ። ሰው የምታክል የእንጨት ሴት አቁመው ቀሚስ አልብሰዋታል፤ ነጠላውን ግን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው አንገቷ ላይ ጠምጥመውታል። ዘቅዝቃለች፣ እትዬ። ለቅሶ የደረሰች ሴት! ከሥሯ ያለው ካርድ ደግሞ «ኢትዮጵያዊት ሴት በበዓል ልብሷ» ይላል።

ዘበኛውን ጠርቼ፣ ለመሆኑ ማን ሞቶባት ነው አልኩት። ጢማም ሽማግሌ ነው፤ ከት ብሎ ሳቀና እንጨት እኮ ናት አለኝ። ባገሬ ሰዎች እያሳቃችሁ ነው ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሲኞራ እጅጌዬን ጎትተው አስወጡኝ። እኔ ግን ትቼው አልቀርም። ያንን ነጠላ ካላስተካከልኩ እርስዎ አላሳደጉኝም።

አድነውስ? አንድ መስመር ከጻፈልኝ ዓመት ተመንፈቅ አለፈ። ኮርቶብኝ ከሆነ ይቆጡልኝ። ብርቱካንማው ቤተ መንግሥት ገብቷል ይበሉት።

ልጅዎ ሠርካዲስ

*

አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሠርካዲስ፤

ሞቅ ያለ አብዮታዊ ሰላምታችን ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ክረምቱ በርትቷል፤ ከቁስቋም የሚወርደው ጎርፍ የሩቅያን ሱቅ ደጃፍ አፍርሶት ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ጠግኖላታል። ባሏ ሸፊ ዘንድሮ ሐጅ ሊሄድ ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ ሩቅያ ደስ ብሏታል።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በማኅበር ተደራጅተዋል። ሾዴም አባል ነው። የሚሸምነው ግን ነጭ ጋቢ ብቻ ነው። ጥለት መሥራት ከተወ ቆይቷል፤ ዓይኔ ደክሟል ይላል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሠረተ ትምህርት ገብቻለሁ። ማታ ማታ ፊደል እቆጥራለሁ፤ አስተማሪዬ የልጅ ልጄ ብትሆን የምትበቃ ናት፤ ስሳሳት ትቆጣኛለች።

እስከ ዛሬ የላክሽው ገንዘብ ይበቃናል፤ ከእንግዲህ አትላኪ። በእሱ ፈንታ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ።

ስለ ነጠላው የጻፍሽው ተነበበልኝ። እንዳለ ይቀመጥ። አንቺም አትንኪው፣ ሌላም ሰው እንዳይነካው። እንዳለ ይቀመጥ ብያለሁ። አደራ።

ቁስቋም ማርያም በሄድሽበት ትከተልሽ።

አክስትሽ አጸደ

ይህን የጻፍኩልዎት የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ኡርጌሳ ነኝ። «እንዳለ ይቀመጥ» የሚለው ሁለት ጊዜ የተጻፈው በስህተት አይደለም፤ እትዬ አጸደ ሦስት ጊዜ አስነብበውኝ ይሁን ያሉት ነው።

*

ኢጣሊያ፣ መስከረም 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት አክስቴ ለእትዬ አጸደ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎት። አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎት፤ የጋሼ ሾዴንም ዓይን ብርሃን ያድርግላቸው። መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጥቅል ልኬያለሁ። ሲኞራ በራሳቸው ዓይን ሞክረው የመረጡት ነው።

እትዬ፣ ምን እንዳደረጉኝ አላወቁም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ድል አድርጌ ፎክሬ ሳልጨርስ ነው። አራት እሑድ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ዘበኛው መለሰኝ። ሁለተኛ ጊዜ ጸሐፊዋ ማመልከቻ አምጪ አለችኝ። በሦስተኛው የራሴን ነጠላ ይዤ ሄድኩና እዚያው አዳራሹ መሐል ቆሜ ለበስኩ። ለቤተ ክርስቲያን እንዲህ፣ ለሠርግ እንዲህ፣ ለለቅሶ እንዲህ እያልኩ ስገለብጥ ጎብኚው ጎራዴውን ትቶ እኔን ከበበኝ። በአራተኛው የአዳራሹ ኃላፊ የሆነችው ዶቶሬሳ ራሷ ወረደች። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። አዳምጣኝ ስትጨርስ ፊቷ ቀላ፤ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በአንቺ እጅ ይስተካከላል አለችኝ። በቤት ሠራተኛ እጅ! ሲኞራ ኬክ ገዝተው ጠበቁኝ።

እና «እንዳለ ይቀመጥ» ይሉኛል። ሄጄ ተውት ስላት ዶቶሬሳ ግራ ተጋባች። አገር ያሸበርሽበትን ስህተት ራስሽ ተዉት ትያለሽ አለችኝ። አክስቴ አዘውኛል አልኳት። ለእርስዎ ስል ዝም ብያለሁ፣ ምክንያቱን ግን እሻለሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅ፣ አይቆጡኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጎርፉን አወራችሁኝ፤ የሩቅያን ደጃፍ አወራችሁኝ። የአድነው ስም የለበትም። ከዚያ በፊት በነበረውም የለም። አውጥቼ ሁሉንም አየኋቸው፤ ከ70 ጀምሮ በአንዱም የለም። እትዬ፣ አድነው የት ነው?

ሠርካዲስ

*

ጉለሌ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1972

ለልጄ ለሠርካዲስ።

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። እኔ አጸደ። በገዛ እጄ። መነጽሩ ደርሶኛል። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ታገሺኝ። ደብዳቤውን ሸፊ ይዞት ይሄዳል፤ ጅዳ ሲደርስ ከዚያ ፖስታ ቤት ያስገባልሻል። ስለዚህ ማንም አይከፍተውም።

ሲኞራን ጥሪያቸው። አጠገብሽ ይቀመጡ። ከዚያ የሚቀጥለውን አንብቢ።

አድነው የለም። ጥር 22 ቀን 1970 ማታ ከቤት ወሰዱት። በማግስቱ መንገድ ዳር አገኘነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

አታልቅሱ ተባልን። ድንኳን ተከለከለ። ለቅሶ የደረሰ ይጠየቃል ተባለ። ነጠላዬን ልዘቀዝቅ ሳነሣ ሾዴ እጄን ያዘኝ። አንቺም ትሄጃለሽ አለኝ። ስለዚህ በማግስቱ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ እንደ ወትሮዬ ለበስኩና ገበያ ወጣሁ። ሰው እንዲያየኝ ሽንኩርት ገዛሁ። ሻጩ ተከራከሪ እንጂ አለኝ፤ ተከራከርኩ። የደፈረች ሩቅያ ብቻ ናት። ጓዳዋ አስገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ትራስ አፌ ላይ ይዛ አስለቀሰችኝ። እሷም ከኔ ጋር አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሾዴ ጥለት አልሠራም። ዓይኑ ደህና ነው። ቀለም መንካት አልቻለም።

ላንቺ ያልነገርኩሽ ጠልቼሽ አይደለም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው። ያንቺን በር ማን ያንኳኳል? የምልከው ሰው አገኛለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። ይቅር በይኝ።

አሁን ስለ ነጠላው ልንገርሽ። ኡርጌሳ ደብዳቤሽን ሲያነብ «ዘቅዝቃለች» የሚለው ጋ ደርሶ ቀና አለ። ሾዴ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ከዚያ እኔ ሳቅኩ። ያበድኩ መሰላቸው። እኔ የፈተልኩት፣ አባቱ የሸመነው፣ እሱ ቀለሙን የመረጠው ነጠላ ባሕር ማዶ ቤተ መንግሥት ገብቶ ያለቅስለታል! በጠራራ ፀሐይ! ሰው እያየ! ማንም አትዘቅዝቂ የማይላት እንጨት እኔን ሆና ቆመችልኝ። አንቺ ውርደት አልሽው። እኔ ያን ለት ከዓመት ተመንፈቅ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ተኛሁ።

ስለዚህ እንዳለ ይቀመጥ። እስከ ጥር 22 ድረስ ትልበስልኝ። ያን ቀን ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሀዘን የሚያስወጣ ዘመድ ነው፤ ሐዘንተኛ በራሱ አያወጣም። የኔን አንቺ አውጪልኝ። በእጅሽ ጥለቱን ወደ ታች መልሺው።

መልስ ስትጽፊ ስለ ጨርቅ ብቻ ጻፊ።

እናትሽ አጸደ

*

ኢጣሊያ፣ ኅዳር 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእትዬ አጸደ፤

ሰላም ለእርስዎና ለጋሼ ሾዴ ይሁን። ሸፊ በሰላም መግባቱን ሰምቻለሁ፤ ሐጂ ሸፊ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ።

በታዘዝኩት መሠረት ስለ ጨርቅ ብቻ እጽፋለሁ። የላኩልኝን የጨርቅ ወሬ ከሲኞራ ጋር ሆኜ አነበብኩት። ሦስት ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ ሲኞራ በዚያ ጉልበታቸው ሾርባ እየሠሩ እኔን አበሉኝ። በአራተኛው ቀን ካስቴሎው ድልድይ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃውን ሳይ ዋልኩ። ዘበኛው መጣ፤ ሊያባርረኝ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠ። ነገሩን ነገርኩት። ያን ለት የሳቀበትን አስታወሰና ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ።

ለዶቶሬሳም ሁሉንም ነገርኳት። ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ አዳመጠችኝ። ከዚያ አዲስ ካርድ በገዛ እጇ ጻፈች። አሁን እንዲህ ይላል፤ «የሀዘን አለባበስ፣ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ። ጥለቱ ወደ ላይ የሚደረገው ሰው ሲሞት ነው።» በሥሩ የሠሩት ሰዎች ስም አለ። ፈታይዋ አጸደ፣ ሸማኔው ሾዴ። ሦስተኛው ደግሞ ቀለሙን የመረጠው ሰው ስም ነው። ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት የመስፍን ስም ብቻ ነበር የሚጻፈው፤ አሁን የእናንተ አለ።

አንድ ጭንቅ ግን ገጥሞኝ ነበር። የአልባሳቱ አዳራሽ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ይዘጋል፤ ቦታውን ለመድፍ ይፈልጉታል። ከጥር 22 በፊት አንድ ወር ማለት ነው። ዶቶሬሳ ለበላዮቿ ጻፈች፤ አይሆንም አሏት። እኔ ልለምን ተነሣሁ፤ ማንን እንደምለምን ግን አላውቅም። ያዳነን ዘበኛው ነው። አዳራሹ ይዘጋ እንጂ መግቢያው በር የኔ ነው አለ። እንጨቲቱን ተሸክሞ ድልድዩ ጫፍ፣ ከወንበሩ አጠገብ ሊያቆማት ነው። ቀድሞ የሚያያት ጎራዴ ሊያይ የመጣው ብቻ ነበር፤ አሁን የሚገባው ሁሉ በፊቷ ያልፋል።

ትቆማለች፣ እትዬ። እስከ ቀኑ ትቆማለች።

ልጅዎ ሠርካዲስ

*

ኢጣሊያ፣ ጥር 23 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእትዬ አጸደና ለአባቴ ለጋሼ ሾዴ፤

ደህና ዋላችሁ? ትናንት የዋልንበትን የጨርቅ ሥነ ሥርዓት ልንገራችሁ።

ቀኑ ሐሙስ ዋለ። ሐሙስ ከሰዓት የዚህ አገር የቤት ሠራተኛ ሁሉ የዕረፍት ጊዜዋ ነው፤ ሳንለምነው ደረሰልን። በየከተማው የማውቃቸውን ያገሬን ልጆች በስልክ ስጠራ ከርሜ ነበር። ሦስት አራት ይመጣሉ ብዬ ነበር፤ በባቡር አሥራ አንድ መጡ። አንዷ አሠሪዋ አልፈቅድም ስላለቻት ሥራውን ጥላ ነው የመጣችው። ከጣቢያው እስከ ካስቴሎው ነጠላችንን ሁላችንም ዘቅዝቀን በእግር ሄድን። ከተማው ቆሞ አየን። ትራፊኩ ሳይጠየቅ መኪናዎቹን አቆመልን።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ መናገር አልነበረብኝም። ቀለም የመረጠውን ልጅ ስም አንዷ ጠራችና ሌሎቹ ተቀበሏት። እትዬ፣ አለቀስንለት። በሙሉ ድምፅ፣ ደረታችንን እየደቃን፣ ትራስ ሳይያዝብን። የዚያ ቤት ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ድምፁን ተቀብሎ ይመልሰዋል። እያንዳንዷ የራሷንም ሰው ስም እያነሣች ጨመረችበት። ለካ ሁላቸውም ጨርቅ ብቻ ነው ሲጻፍላቸው የኖረው። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ፤ ጎብኚ ሲመጣ በእጁ እያስቆመ። ሲኞራ ከፊት ነበሩ። ዶቶሬሳ መነጽሯን አውልቃ ስታብስ ስታብስ ደከማት።

ለቅሶው አበቃ። እጄን ታጥቤ፣ የሰጡኝን ነጭ ጓንት አጥልቄ፣ ወደ እንጨቲቱ ሄድኩ። ጓንቱ አስቸገረኝ፤ ወደ ዶቶሬሳ ዞር ስል ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ አወለቅኩት። ፈትልዎን በጣቴ ነካሁት። ዛሬም ያው ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ። ጥለቱን ከአንገቷ ፈታሁና ወደ ታች መለስኩት። «እትዬ አጸደ፣ ሀዘንዎን አውጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ እግዜር ያጽናዎት» አልኩ ጮክ ብዬ። አሥራ አንዱም ነጠላቸውን ገለበጡ። ብርቱካንማው ወደ ታች ወርዶ በበሩ የገባችው ፀሐይ አረፈችበት። አንዷ እልል አለች፤ ማናችንም አልከለከልናት፤ ተከተልናት።

ሁለት ፎቶግራፍ አስገብቻለሁ። አንዱ ዘቅዝቃ ሳለች፣ ሁለተኛው ከመለስኳት በኋላ የተነሣ ነው።

ልጃችሁ ሠርካዲስ

*

ጉለሌ፣ መጋቢት 9 ቀን 1972

ለልጄ ለሠርካዲስ።

የሩቅያ ወንድም ፈድሉ ለንግድ ጅቡቲ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። ፊደሌ ተስተካክሏል፤ እይው እስቲ።

ያን ቀን እኔና ሾዴ ሩቅያ ቤት ነበርን። አንቺ በምታደርጊበት ሰዓት ሩቅያ ውሃ አመጣችልን፤ ፊታችንን ታጠብን። ሌላ ምንም አላደረግንም። በማግስቱ ሾዴ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄደና ክር ገዝቶ መጣ። ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማታ ፈትቶ አሳየኝ። ብርቱካንማ ነው።

ደብዳቤሽን ከፍተው ፎቶግራፎቹን አስቀርተው ነበር፤ ጽሑፉን ግን ማንም ልብ ብሎ ያነበበው አልመሰለኝም። ቀበሌ ተጠራሁ። ሾዴ ልከተልሽ አለ፤ እኔ ብቻዬን ገባሁ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ሁለቱ ፎቶግራፎች የሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ይህ ምንድን ነው አለኝ። የእኛ የሸማኔዎች ማኅበር አባል የሠራው ነጠላ ኢጣሊያ አገር ቤተ መንግሥት በር ላይ ቆሟል፤ ስሙም ተጽፎለታል አልኩት። ዓይኑ በራ። የሰፊው ሕዝብ ጥበብ ነው አለ። አንዱ እዚሁ ጽሕፈት ቤት ይሰቀል፣ አንዱን ውሰጂ አለኝ። የትኛው ይቅርልን ሲለኝ የመጀመሪያውን አነሣሁና ሰጠሁት። ዘቅዝቃ የቆመችበትን።

ለረጅም ጊዜ አየው። የሴት ልጅ ነው፤ የዘቀዘቀ ነጠላ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወይ አላወቀም። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ሚስማርና መዶሻ አስመጣ።

ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ቤቴ ወሰድኩት።

ትናንት ከቀበሌ ስኳር ልናወጣ ሄድን። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወረፋ ይዟል። ማንን እንዳጣች የማላውቃት የለችም፤ አብረን ነው ሽንኩርት ስንገዛ የኖርነው። ፎቶግራፉ ጋ ሲደርሱ እያንዳንዷ ትቆማለች። ከኋላ ያለችው አትገፋትም። ትጠብቃታለች። ተራዬ ሲደርስ እኔም ቆምኩ፤ ልጄን አየሁት። ከዚያ ስኳሬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ላንቺ የጀመርንልሽ ነጠላ ከሳምንት በኋላ ያልቃል። ሾዴ ጥለቱን እየሠራልሽ ነው።

እናትሽ አጸደ